የማክሰኞ ምስክር

ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳው «እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ?» ይላል። ደብሪቱ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ግድግዳው «ደህና» ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ እየተባባሉ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ሆናቸው።

ታዲያ ሌላ ምን ልትል ኖሯል? ሰው እንዴት አደርሽ ሲል፣ ጭኔ አልታዘዝ አለኝ፣ ውሃ ትን ይለኛል ተብሎ ይመለሳል? ባሳደጓት ሰዎች ቤት ነፍሱ አፍንጫው ሥር የደረሰች ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ነው የሚል። ጠያቂው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ኧረ እንደው እውነቱን፣ እንዴት ነው የሚያደርግሽ?» ሲል ያኔ በሽታ ይነገራል። ግድግዳው ግን አይቀመጥም። ሁለተኛም አይጠይቅም። ይህን ነገር የሠሩት ሰዎች ወይ ታመው አያውቁም፣ ወይ ታመው ጠያቂ አልመጣላቸውም።

ቀጥሎ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ዛሬ አርባ አንድ ጎረቤቶችዎ ጠይቀውዎታል፤ እግዜር ይማርዎ ብለዋል» ይላል።

የኮምቦልቻ ፎቆች ሰማይ ከነኩ ወዲህ ሰው ሰው ቤት አይሄድም። ምን ሊያደርግ ይሄዳል? አንድ ጊዜ «በየጠዋቱ ጠይቅልኝ» ብሎ ማዘዝ ነው፤ ግድግዳው እስከ ዕለተ ሞት ይጠይቅለታል። ከዕለተ ሞትም በኋላ። ከአርባ አንዱ ውስጥ አራቱ ከተቀበሩ ቆይተዋል፤ ትዕዛዛቸውን የሰረዘላቸው ስለሌለ ግን አሁንም በየጠዋቱ ይማርሽ ይሏታል። ደብሪቱ በስማቸው ታውቃቸዋለች። አንዳንድ ቀን ከቀሩት ሠላሳ ሰባት እነሱ የሚሻሉ ይመስላታል፤ ሙታን ቢያንስ የማይመጡበት ምክንያት አላቸው።

በአሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ የማትጠይቃት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ፊት ለፊቷ ያለው በር ባለቤት፣ ዘምዘም። ነገሩ የሚጀምረው ከእሷ ስለሆነ ቆይተን እንመጣበታለን።

ሰላምታው ሲያልቅ መነሳት ይመጣል። ደብሪቱ በጎኗ ትገለበጣለች፤ እግሮቿን እንደ ሰው ዕቃ በእጇ ጎትታ ከአልጋ ታወርዳለች፤ ከመስኮቱ ብረት ጋር ያሰረችውን መቀነት ሁለት ጊዜ እጇ ላይ ትጠመጥምና ትወዛወዛለች። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ትቆማለች። ከቆመች መራመድ አይቸግራትም፤ የሚያዋርዳት መቀመጥና መነሳቱ ነው። ሽንት ቤት መግባት በራሱ የጦር ዝግጅት ይፈልጋል፤ እሱን እዚህ አንዘረዝርም።

ከዚያ ጸጉር። ደብሪቱ አርባ ዓመት ሹሩባ የሠራች ሴት ናት። ሙሽራ ሰርታለች፣ እመጫት ሰርታለች፣ ስታለቅስ የምትሠራም ስትሠራ የምታለቅስም ሰርታለች። ልጅ አልወለደችም፤ የሰው ልጅ ጭንቅላት ስትይዝ ዕድሜዋ አለፈ። ዛሬ እጇ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም። ጠረጴዛው ላይ ታጎነብስና፣ እጇ ወደ ጭንቅላቷ አልሄድ ስላለ ጭንቅላቷን ወደ እጇ ታመጣለች። መስታወት አታይም። የዓይኗ ቆብ እንደ በሰለ በለስ ጠይሞ ማበጡን፣ የጣቶቿ አንጓ ቀልቶ መቀረፉን ሳታይም ታውቀዋለች።

ቁርስ ለስላሳ ገንፎ ነው፤ በትንሽ ማንኪያ፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ። ውሃ ከሁሉ ይከፋል። ከአንድ ወር ወዲህ አንዳንዱ ጉንጭ ወደ ሆድ መውረዱን ትቶ በአፍንጫዋ ይመለሳል።

የበሽታው ስም ደርማቶማዮሳይቲስ ይባላል። ከሰባት ዓመት በፊት ዶክተር ኤልዳና ስሙን ስትነግራት ደብሪቱ «እንዲህ ያለ ስም የተሸከመ በሽታ እኔ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ?» ብላ ነበር። ያኔ ሐኪም ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር።

«ብርቅ በሽታ ነው፤ ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን ነው የሚይዘው» አለች ዶክተሯ። «ሰውነትዎን ከበሽታ የሚጠብቅ ኃይል አለ። እሱ ተሳስቶ ጡንቻዎን እንደ ጠላት ቆጠረው። ጡንቻውም ቆዳውም የሚቆጣው ለዚህ ነው።»

«የገዛ ውሻዬ ነው የነከሰኝ በይኛ።»

«እንዳሉት ነው።»

«ታዲያ አይገደልም?»

«ውሻው ከተገደለ ሌባ ይገባል። ሰንሰለት ነው የምናስርለት።»

ሰንሰለቱ ክኒን ነበር። አንዱ በየቀኑ፣ ሌላው በሳምንት አንድ ጊዜ፤ ከዚያ በተጨማሪ ፀሐይ መሸሽና ጡንቻን በልኩ ማሠራት። ፊቷ እንደ ዳቦ ተነፋ እንጂ በስምንት ወር ተነስታ ሹሩባ ሠራች። ከዚያ የጤናው ሥራ ሁሉ በየቤቱ ለተተከለው ተናጋሪ ግድግዳ ተሰጠ። ግድግዳው ደህና ሲባል ክኒኑን በሩብ ይቀንሳል፤ እንደገና ደህና ሲባል እንደገና ይቀንሳል። ደም የሚመረመረው የሚያማርር ሰው ነው። ደብሪቱ አላማረረችም። ሰንሰለቱ አንድ በአንድ ተፈታ።

ደግሞ ወንበሩ አለ። በየወሩ መጀመሪያ ላይ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ሳይደገፉ አምስት ጊዜ መቀመጥና መነሳት ነው፤ ወንበሩ ክብደት ሲለቀውና ሲያርፍበት ይቆጥራል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ተነስታ ቀረች። ግድግዳው ወዲያው «ወይዘሮ ደብሪቱ ከወንበር መነሳት አቅቷቸዋል፤ ይጠይቋቸው» ብሎ ለአርባ አንዱም ነገረ። እስከ ምሳ ድረስ አርባ አንድ ይማርሽ መጣ። የመቀመጫዋን ጉዳይ ሕዝብ ሰማው። ያን ዕለት ደብሪቱ የልብስ ሣጥኗን ጎትታ ከወንበሩ ጎን አጠጋችው፤ ቁመታቸው እኩል ነው። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ከወንበሩ ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ወንበሩ አምስት ጊዜ ትንሸራተታለች። ወንበሩ «አምስት» ይላል፤ የመጀመሪያውን አምስት ግድግዳው «ተሽሏቸዋል» ብሎ ለአርባ አንዱም ነገረ። ደብሪቱ ደግሞ «ቆጥረህ ሙት» ትለዋለች።

ሰኞ ዕለት ግድግዳው ከሰላምታው በኋላ ዝም አላለም።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ መልካም ዜና አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና ነዎት። አርብ ሦስት ሰዓት ላይ መዝገብዎ ይዘጋል። ድነዋል።»

«ክኒኑስ?»

«የዳነ ሰው ክኒን አያስፈልገውም።»

ደብሪቱ ልትስቅ ስትል ምራቋ ትን አላት። ጠረጴዛውን ይዛ፣ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ትንፋሽ ስትፈልግ ቆየች። ምራቅ ነው እንግዲህ፤ እንጀራ እንኳ አይደለም። ሲለቃት ግንባሯን ጠርጋ ብዙ ተቀመጠች። በዚህ አያያዝ አንድ ቀን የገዛ ምራቋ አንቆ እንደሚገላት፣ ግድግዳውም በማግስቱ እንዴት አደሩ እንደሚል ገባት።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን «እንዴት አደሩ?» ተባለች።

«ደህና አይደለሁም» አለች ደብሪቱ። ቃሉን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገረችው፤ ጆሮዋ ላይ እንደ ስድብ ሆነባት።

ግድግዳው ቆጠረ። «አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስድስት ጊዜ ደህና ብለዋል። ደህና አይደለሁም ያሉት አንድ ጊዜ ነው። አንዱ ስህተት ሊሆን ይችላል።»

«አንዱ ነው እውነቱ!»

«ወንበሩም ከመጀመሪያው ወር በቀር ሁልጊዜ አምስት ብሏል።»

«ወንበሩን አታልዬው ነው፣ አንተ ድንጋይ!»

«ወንበር አይታለልም። በዓይኑ ያየ ሰው ካለ እስከ አርብ ይመስክር።»

«አርባ አንዱን ጥራቸዋ።»

አርባ አንዱም ደቂቃ ሳይሞላ መለሱ። እግዜር ይማርሽ አሉ። አራቱ ሙታንም ሳይቀሩ አሉ። የመጣ ግን የለም፤ ረቡዕም የመጣ የለም። ለነገሩ ምን አይተው ይመሰክራሉ? ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ደጃፍ ያለፈ የሰው እግር የለም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደብሪቱ ጥርሷን ነክሳ፣ «ፊት ለፊት ያለችውን ጥራት» አለች።

እንግዲህ ስለ ዘምዘም። ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ሞተ። በምድር ቤቱ አዳራሽ ሰው በአካል የተሰበሰበበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነበር። ዘምዘም በሐዘን ልብስ ስትገባ ሰው ሁሉ «ኖር» ብሎ ብድግ አለ። ሽማግሌው ተነሳ፣ ነፍሰ ጡሯ ተነሳች። ደብሪቱ አልተነሳችም። ተቀምጣ ቀረች፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ እሷ ብቻ እንደ ዳኛ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ተሽሏታል ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ «ኩራቷን ለሐዘን እንኳ አትተው» አለ፤ ዘምዘም ደግሞ ምንም አላለችም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አላለችም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። ዘምዘም ከነጠባብ ትከሻዋ፣ ከነሻሿ፣ ደፍ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ንግሥቲቱ አስጠራችኝ አሉ።»

«ግቢ፣ ዘምዘም።»

«ገባሁ። ኖር አትይኝም?»

«አልነሳም።»

«አውቃለሁ። ነገርሽ ነው።»

«መነሳት አልችልም። ያን ዕለትም አልቻልኩም ነበር።»

ዘምዘም ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ሦስት ዓመት አስበሽ ይችን አመጣሽ? ኩራት እንጂ ምን ያስቀምጥሻል!»

«ኩራቴስ አለ። እግሬ ነው የሌለው። ቁጭ በይና እይ።»

ደብሪቱ መቀነቱን ከእጇ ጣለችው። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች። ወደ ፊት አዘነበለች፤ ጭኖቿ ተንቀጠቀጡ፤ መቀመጫዋ ከወንበሩ አንድ ስንዝር ተላቀቀና ዷ ብሎ ተመለሰ። ደገመች። ተመለሰ። በሦስተኛው ወደ ጎን ስትሄድ ዘምዘም ዘላ ብብቷ ሥር ያዘቻት። እጇ ትኩስ ነበር። ደብሪቱ ሰው ከነካት ሦስት ዓመት አልፎ ስለነበር፣ መጀመሪያ ምን እንደነካት አላወቀችም።

«ወየው» አለች ዘምዘም ቀስ ብላ። «ወየው ደብሬ፣ ክብደት እንኳ የለሽም።»

«ውሃ ስጭኝ። እሱንም እይ።»

ዘምዘም ሰጠቻት። ደብሪቱ ጠጣች። ውሃው በአፍንጫዋ ተመለሰ። ዘምዘም በሻሿ ጫፍ ጠረገችላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ? ያን ዕለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ አቅቶኛል ብትይ ምን ነበረበት?»

«አንች ባልሽን ቀብረሽ መጥተሽ፣ እኔ ስለ ጉልበቴ ላውራሽ?»

ዘምዘም የሻሿን እርጥብ ጫፍ ጨመቀች።

ግድግዳው ምስክር መምጣቱን አውቆ ኖሮ፣ «ወይዘሮ ዘምዘም፣ በዓይንዎ አይተዋል?» አለ።

«አይቻለሁ።»

«ወይዘሮ ደብሪቱ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አለች ዘምዘም።

«ተመዝግቧል። ምስክርነት፦ ደህና።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«አንች ሴትዮ፣ ገደልሽኝ!»

«ከአፌ አመለጠኝ! እንዴት ናት ሲለኝ ምን ልበል? ሰው እንዴት ናት ሲሉት…» ዘምዘም ብድግ ብላ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። «አንተ! አይደለችም! ደህና አይደለችም!»

«ምስክርነት በቀን አንድ ጊዜ ነው» አለ ግድግዳው።

አርብ ጠዋት ዘምዘም ከሁለት ሰዓት በፊት መጣች። ሌላ ነገር አላወራችም፤ በአፏ የያዘችው እንዳይፈስባት የፈራች ይመስል ከንፈሯን ገጥማ ተቀመጠች። ግድግዳው ደብሪቱን እንዴት አደሩ አላት፤ ደብሪቱ ዝም አለች። ዘምዘምን ሲጠይቃት ተነስታ ቆመች።

«እንዴት ናት አትበለኝ። ያየሁትን ነው የምነግርህ። ከወንበር መነሳት አትችልም። ከሣጥን ወደ ወንበር እየተንፏቀቀች ነው ስታታልልህ የኖረችው። እጇ ትከሻዋን አያልፍም፤ ጸጉሯ ያልታጠበ ስንት ጊዜው እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ውሃ በአፍንጫዋ ይወጣል። ዓይኗ ዙሪያ የተደበደበች መስሏል። ሽንት ቤት በመቀነት ነው የምትነሳው፤ አንዳንዴም ሳትደርስ ይቀድማታል፤ ፍራሹን አይቻለሁ። ጨረስኩ።»

ደብሪቱ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ሰማች። አንዲት ቃል አልቀረችም። ለአርባ አንዱም ደረሰ፤ ለሙታኑም ደረሰ። ፊቷ ነደደ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሸችው ይህንኑ ነበር፣ መጣና አለፈ። ሰው በዚህ አይሞትም ለካ፤ በምራቅ ነው የሚሞተው።

«መዝገቡ አይዘጋም» አለ ግድግዳው። «ሐኪም ይመጣል።»

ሐኪም ይመጣል ማለት በመስኮቱ መስታወት ላይ ፊት ይወጣል ማለት ነው። የወጣው የዶክተር ኤልዳና ፊት ነበር፤ ሸብታለች። ግድግዳው በመርፌ ከደብሪቱ ክንድ ደም ወሰደ፤ ውጤቱም ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጡንቻዋ እየፈራረሰ ደሟ ውስጥ ፈስሶ ተገኘ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ለምን ደህና ነኝ አሉ?»

«ጠየቀኛ!»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ሳትስቅ አስረዳቻት። ክኒኑ ከፍ ብሎ ይጀመራል። ጡንቻው እስኪበርድ ለጥቂት ጊዜ በዝግታ መንቀሳቀስ፣ ከዚያ በየቀኑ ልክ ያለው ስፖርት። መብላት ቁጭ ብሎ፣ አገጭ ዝቅ አድርጎ። ፀሐይ መሸሽ። «አንድ ነገር ግን በደንብ ይስሙኝ። ይህ ክኒን ጡንቻዎን ሲያድን አጥንትዎን ይበላል። ስለዚህ ልክ በእግርዎ እንደቆሙ መቀነስ እንጀምራለን። ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ሳምንት እንኳ ማስረዘም የለብንም። በድንገት ማቆምም የለም።»

«መቆሜን ማን ይነግርሻል? ግድግዳው?»

«ከእንግዲህ እርስዎንም ወንበሩንም አያምንም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ሰው በዓይኑ አይቶ ይመስክር።»

ሰው የተባለው ዘምዘም ነው።

መጀመሪያ ላይ ማክሰኞ የሥራ ቀን ነበር። ዘምዘም አራት ሰዓት ላይ ትገባለች፤ ደብሪቱ እጇን ታጣምራለች፤ ዘምዘም «ዜሮ» ብላ ለግድግዳው ትናገራለች፤ ትሄዳለች። በአራተኛው ሳምንት ውሃው በአፍንጫ መመለሱን ተወ። በሰባተኛው ዘምዘም «አንድ!» ብላ ጮኸች፤ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ያን ዕለት ወዲያው አልሄደችም።

«ጸጉርሽ የወፍ ጎጆ መስሏል» አለቻት። «ነይ ልሥራሽ።»

«አንች? በዚያ እጅሽ?»

«አስተምሪኛ። አርባ ዓመት ሰርቻለሁ እያልሽ ትደነፊ የለ?»

ደብሪቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። «ከግንባር ጀምሪ። ሦስት አድርጊው። እሱ ሦስት ነው? ጸጉር እየያዝሽ ነው ገመድ እየጎተትሽ? አጥብቂ! ኧረ ቆዳዬን ሳይሆን ጸጉሬን!»

«አብሽሪ፣ ራስሽ ላይ የሚበላሽ ነገር የለም።»

ሹሩባው ጠማማ ወጣ። ደብሪቱ አላፈረሰችውም፤ ሳምንቱን ሙሉ እንደተጣመመ ይዛው ከረመች።

ከዚያ ማክሰኞ ወደ ምሳ ሰዓት ተራዘመ፣ ከዚያም ወደ ዘጠኝ ሰዓት። ዘምዘም ስለ ባሏ ታወራለች፤ ክፉ ባል እንደነበረ፣ አሁን ግን ክፋቱም እንደሚናፍቃት። አንድ ቀን በመሃል፣ «እኔ ቤት እኮ ግድግዳው እንኳ አያናግረኝም» አለች።

«እንዴት?»

«ደህና ነኛ። የሚጠየቀው የታመመ ነው። እንደ አንች ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ ከየት ላምጣ?» ብላ ሳቀች። ደብሪቱ አብራት ሳቀች፤ ዘምዘም ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ ራሷ ውስጥ ቀረ።

አሥራ ስምንተኛው ሳምንት ደረሰ። ደብሪቱ ከዋዜማው ጀምሮ ጭኗ ውስጥ የታወቃት ነገር ነበር። ዘምዘም ገብታ ስትቀመጥ እጇን አጣምራ ተነሳች። ተቀመጠች። ተነሳች። ሦስት። አራት። በአምስተኛው ቆማ ቀረች፤ ትንፋሿ አልተቆራረጠም፤ እግሮቿ ከሥሯ እንደ ሁለት ምሰሶ ቆመዋል።

ዘምዘም ተቀምጣ አየቻት። አልጮኸችም።

«ወይዘሮ ዘምዘም፣ ስንት?» አለ ግድግዳው።

«ሁለት» አለች ዘምዘም።

«ተመዝግቧል። ሁለት። የክኒኑ መጠን ለአራት ሳምንት ባለበት ይቀጥላል። ምስክርነቱም ይቀጥላል።»

ደብሪቱ ቀስ ብላ ወደ እሷ ዞረች። «መቁጠር ጠፋሽ?»

«ሁለት ነው ያየሁት።»

«አምስት ነው። ቆሜ ነው የማናግርሽ፣ ሴትዮ! አጥንቴን ልታስበይኝ ነው?»

«አራት ሳምንት ምን ይበላዋል? እኔ ራሴ እየመጣሁ…» ዘምዘም መሬቱን አየች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ወዴት ልሂድ፣ ደብሬ?»

ደብሪቱ አፏን ከፈተች፤ ያላትን ስድብ ሁሉ ለማውጣት ነበር። ስድቡ አልመጣም። ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «አምስት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ ጻፍ» አለች።

«ምስክርዎ ሁለት ብለዋል።»

«ትናንት ደህና ነኝ ስልህ አመንከኝ፤ ዛሬ ስድን አታምነኝም?»

«የሚታመነው ምስክር ነው። ቃል አይታረምም፤ ቁጥር ግን በዕለቱ ይታረማል፤ እርማቱን ምስክር ይስጥ።»

ደብሪቱ አልለመነችም፤ መለመን አታውቅበትም። ቆማ ጠበቀች፤ ብትቀመጥ ጉዳዩ ቀላል የሚመስል ሆኖ ታያት። ዘምዘም ሻሿን አስተካከለች፣ ፈታችው፣ እንደገና አስተካከለችው።

«አምስት» አለች በመጨረሻ። «ሳትደገፍ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ተመዝግቧል። አምስት። ክኒኑ ከነገ ጀምሮ ይቀንሳል፤ ደም በየወሩ ይመረመራል። ወይዘሮ ዘምዘም፣ ምስክርነትዎ አብቅቷል። እናመሰግናለን።»

ዘምዘም ተነሳች። ደህና ሁኚም ሳትል ወጣች። በሩ ከኋላዋ ራሱን ዘጋ።

ቀጣዩ ማክሰኞ አራት ሰዓት ሆነ። የመጣ የለም። አምስት ሰዓት ሆነ። ደብሪቱ አምስት ጊዜ ተነሳች፤ ማንም አልቆጠረላትም። ግድግዳው አርባ አንድ ሰዎች እንደጠየቋት ነገራት። ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞም የመጣ የለም። ዶክተሯ በመስታወቱ ወጥታ ደሟ እንደጠራ፣ ክኒኑ መቀነሱን እንደሚቀጥል፣ በሽታው ሰንሰለት ላይ እንጂ እንዳልሞተ አስታወሰቻት፤ ደብሪቱ አዎ አዎ አለቻት። ሁሉም ነገር እንደሚገባው ነበር። ገንፎውን ትታ እንጀራ በላች፤ በደንብ አኝካ፤ ብቻዋን።

ሦስተኛው ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ነጠላዋን ደርባ ከቤቷ ወጣች። ኮሪደሩ ስምንት እርምጃ ነው። ከዘምዘም በር ጎን ያለው ሰሌዳ በራ።

«የመጡበትን ምክንያት ይናገሩ።»

ደብሪቱ ምን ምን እንዳለው ጠየቀችው።

«ጥየቃ። ለቅሶ። ምስክርነት። ጥገና።»

ጥየቃ እንዳትል ዘምዘም አልታመመችም። የሞተባት ሰው የለም፤ የቀራትም የለም። ምስክርነቱ አብቅቷል። ውሸት ደግሞ፣ ደብሪቱ ለግድግዳ የሚበቃትን ያህል ዋሽታለች።

«ምክንያት የለኝም» አለች።

«ምክንያት የሌለው ጉብኝት አይመዘገብም። በሩ አይጠራም።»

«አትመዝግበዋ።»

ክንዷን አነሳች። ትከሻዋን አለፈ፤ ጆሮዋን አለፈ። በዚያ ፎቅ የእንጨት በር በቡጢ ከተመታ ዓመታት አልፈው ነበርና ድምፁ ኮሪደሩን አስደነገጠው። አንድ ጊዜ መታች፣ ቆየች፣ ደገመች።

«ማነው?» አለ የዘምዘም ድምፅ ከውስጥ፣ ደንግጦ።

«እኔ ነኝ።»

«ደብሬ? ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ደብሪቱ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። ከውስጥ ወንበር ተገፋ፤ እግር ወደ በሩ መጣ።